የእርግቦች ስንጥቅ ግንድ

ሁለቱ ወንድሞቼ አባታችን ከተቀበረ ወዲህ አይነጋገሩም። ታላቁ ባኪዚዮ ፍየሎቹን ይዞ ገደሉ አናት ላይ ይኖራል። ታናሹ ጄዙዊኖ ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚመጡ መንገደኞችን በዚያው ገደል ላይ እያስኬደ ወደ ባሕሩ ያወርዳል፣ ያስዋኛል፣ መልሶ ያወጣል። እኔ አንቲዮካ መካከላቸው ስለተወለድኩ መካከላቸው እንድኖር ተፈርዶብኛል። አንዱ ለሌላው የሚለው ነገር ሲኖረው ለእኔ ነው የሚለው፤ «ንገሪው» ይለኛል። እሄዳለሁ፣ እነግረዋለሁ፣ ስድብ ተሸክሜ እመለሳለሁ። ባሌ በሕይወት ሳለ «እኔ ያገባሁት ፖስታ ቤት ነው» እያለ ሰው ፊት ያሾፍብኝ ነበር፤ አልዋሸም።

ስለዚህ ያን ቀን ጄዙዊኖ «እንግዶች አሉኝ፣ ዕቃ ያዢልኝ» ሲለኝ እሺ ያልኩት ለእንግዶቹ ብዬ አይደለም። መንገዱ የሚያልፈው በባኪዚዮ ጎጆ ደጃፍ ነው። ሁለቱን አንድ ቦታ አቁሜ ፊት ለፊት ማነጋገር ነበር ሐሳቤ። ይሰዳደቡ፣ ይራገሙ፣ ግድ የለኝም፤ ብቻ ለራሳቸው ለሁለቱ ይባባሉት። እኔ መሮኛል።

ጠባቸው ስለ መሬት ቢሆን ዳኛ ይፈርደው ነበር። የተጣሉት ግን በአንድ ግንድ ነው። በእኛ በኩል፣ በባውኔይ፣ ምድሩ ባሕሩ ጋ ሲደርስ ድንገት ያልቃል፤ ቀጥ ያለ ነጭ ገደል ነው። ታች ወዳለው ጠጠራማ ዳርቻ የሚወረደው እረኞች በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ እየሰነቀሩ ባቆሟቸው የጥድ ግንዶች ላይ እየተረገጠ ነው። ከግንዶቹ ሁሉ ሰፊው ክፍተት ላይ የሚቆመውን «ቁልፉ» እንለዋለን። ቁልፉን ያቆመ ሰው የመንገዱ ባለቤት ነው፤ ሌላው ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል። ባለቤቱ ቁልፉን ከነቀለው «አትለፍ» ማለቱ ነው። ሌላ ሰው መጥቶ በቦታው የራሱን ግንድ ካቆመ ደግሞ «ከእንግዲህ መንገዱ የእኔ ነው» ማለቱ ነው፤ በአያቶቻችን ዘመን በዚህ ደም ፈስሷል። ይህ የትም አልተጻፈም፣ ከንቲባውም አያውቀውም፤ ባውኔይ ውስጥ ግን ሰካራም እንኳ አይሳሳተውም።

የእርግቦች ስንጥቅ የምንለው መውረጃ ቁልፍ የአባታችን ነበር። አባታችን በሞተ ገና የሰባተኛው ቀን ቅዳሴ ሳይደርስ ባኪዚዮ የአባታችንን ግንድ ነቅሎ የራሱን አቆመ። «በስብሶ ነበር» አለ። ጄዙዊኖ «የበሰበስከውስ አንተ ነህ» አለው። በመካከላቸው የተነገረው የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። እኔም የአባቴ ልጅ መሆኔ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

እንግዶቹ ከቶሪኖ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ቱልዮና ኦርኔላ ይባላሉ። እሷ ገደሉን ማየት ትፈልጋለች፣ እሱ ባሕር ውስጥ መግባት ይፈልጋል፤ አንዳቸው የሌላውን ፍላጎት አይፈልጉም። ጠቡን የጀመሩት ገና ከመኪናው ሳይወርዱ ነው።

«ኮፍያህን ያዝ አላልኩህም?» አለችው።

«ብለሽኛል።»

«ታዲያ የታል?»

«ስትነግሪኝ በነበረበት ቦታ ነው ያለው።»

ጄዙዊኖ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ በእኛ ቋንቋ «እነዚህስ አስታራቂ ያስፈልጋቸዋል» አለኝ። ስለ ዕርቅ የሚያወራው ማን እንደሆነ አይቼ በሆዴ ሳቅሁ። የመጥለቂያ መነጽሮቹን፣ የመተንፈሻ ቱቦዎቹንና የዋና ጫማዎቹን ያጨቅንበትን ከረጢት አንስቶ ጀርባዬ ላይ ጫነልኝ፤ በላዩ ደረቁን ቂጣና የፍየል አይቡን ጨመረበት። እሱ ዱላውን ብቻ ይዞ ቀደመ።

የሰኔ ፀሐይ ገና በጠዋቱ ታቃጥል ነበር። የእኛ ድንጋይ ስለት አለው፤ የምትረግጥበትን ካልመረጥክ ጫማህን ይበላዋል። ኦርኔላ ገደሉ ጫፍ ላይ እየቆመች ወደ ታች ፎቶ ታነሳለች፤ ቱልዮ ወደ ኋላ እየሸሸ «ውደቂና እንገላገል» ይላታል፤ እሷም «አንተን ሳልቀብርማ አልወድቅም» ትለዋለች። ጄዙዊኖ ጣልቃ እየገባ ስለ እርግቦቹ፣ ስለ ጥዱ፣ ስለ ድሮ ከሰል አክሳዮች ያወራል። ማንም አልሰማውም።

የባኪዚዮ ጎጆ ጋ ስንደርስ ባዶ ነበር። የፍየሎቹ ቃጭል ከወዲያኛው ተረተር ይሰማል። ልቤ ቅር አለው፤ ያን ሁሉ ሸክም የተሸከምኩት ለምን ሆነ አልኩ። ከጎጆው ጥቂት ወረድ ብለን የእርግቦች ስንጥቅ አፍ ላይ ስንደርስ ደግሞ ቁልፉ የለም። የላይኛው ድንጋይ ላይ የግንዱ ራስ የነበረበት ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል። ከሥር ሁለት ሰው ቁመት የሚያህል ባዶ ነው፤ ከዚያ በታች ያሉት ግንዶች እንደነበሩ ናቸው።

«ምንድነው? ተበላሸ?» አለ ቱልዮ።

«አልተበላሸም» አለ ጄዙዊኖ። ጥርሱን ነክሶ ነው የሚያወራው። «ትንሽ ጠብቁኝ።»

ተከተልኩት። ወደ ጎጆው ተመልሶ ጣራውን ዙሪያውን አየው። የጎጆው ጣራ ከምድር እስከ ጫፍ ተደግፈው በቆሙ የጥድ ግንዶች የተሠራ ነው፤ አባታችን በወጣትነቱ የሠራው። ጄዙዊኖ አንዱን ግንድ ጨብጦ መነቅነቅ ጀመረ።

«ጄዙዊኖ፣ ጣራ ነው እኮ» አልኩት።

«የአባቴ ጣራ ነው።»

«ባኪዚዮ የሚተኛበት ነው።»

«ዛሬ ኮከብ እየቆጠረ ይተኛ።»

«እንመለስ። ለሰዎቹ መንገዱ ተዘጋ በላቸው፤ የትም ይዘሃቸው ሂድ። ይህን ግንድ እዚያ ካቆምከው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ።»

«ስለማውቅ ነው የማቆመው» አለና ግንዱን ነቀለው። ከጎኑ ያሉት ተንሸራተው ጣራው ወደ አንድ በኩል ሰመጠ፤ ብዙ አቧራ ተነሳ። ግንዱን ትከሻው ላይ አድርጎ በአጠገቤ አለፈ። ፊቱ ላይ ደስታ ነበር፤ እንዲህ ደስ ብሎት ካየሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።

ግንዱን አቁሞ ሥሩን በድንጋይ አጠበቀና በገመድ እየያዘ እንግዶቹን አወረዳቸው። እኔ መጨረሻ ወረድኩ። ልመለስ እችል ነበር፤ ግን ባኪዚዮ ሲመጣ እዚያ መሆን ፈለግሁ።

ዳርቻው ጠባብ ነው፤ ነጭ ጠጠር፣ ሦስት በኩል ገደል፣ አንድ በኩል ውሃ። የእኛ ሰው ለባሕሩ ጀርባውን ሰጥቶ የኖረ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከባሕሩ በላይ ኖሮ ጉልበቱን አላረጠበም፤ ባኪዚዮም እንደዚያው። ጄዙዊኖ ብቻ በባሕር ኃይል ወታደርነቱ ጊዜ ዋና ለምዶ መጣ፤ እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። መነጽሩን አድርጌ፣ ቱቦውን በጥርሴ ይዤ ፊቴን ስነክር የሰው ድምፅ ይጠፋል። የምወደው እሱን ነው። ገደሉ ውሃው ውስጥም ወደ ታች ይቀጥላል። ወርቃማ መስመር ያላቸው ዓሦች በመንጋ ሆነው እንደ ፍየሎቻችን ድንጋዩን ይግጣሉ። ከሥር ረጅሙ የባሕር ሣር ወዲያና ወዲህ ይላል። እዚያም ግን ሰላም አላገኘሁም፤ ቱልዮ በዋና ጫማው የሚስቱን ፊት መታ፤ እሷም ተከትላ ቱቦውን ከአፉ መነጨቀችው።

ጄዙዊኖ ጠልቆ ሁለት የባሕር ጃርት፣ ክብ እሾሃም ፍጥረቶች፣ ይዞ ወጣና ድንጋይ ላይ አስቀመጣቸው። አንዱ ወደ ሐምራዊ ያደላ ነው፣ ሌላው ድቅድቅ ጥቁር።

«ይቺ ሴቷ ናት» አላቸው። «ጠጠርና ቅርፊት ራሷ ላይ ትደረድራለች፤ መዋብ ትወዳለች። ጥቁሩ ወንዱ ነው። አይበላም፣ ለምንም አይሆንም።»

«እኛም ቤት አንድ አለ» አለች ኦርኔላ።

ቱልዮ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ገፋ። «ተሳስተሃል። ባልና ሚስት አይደሉም፤ የተለያየ ዘር ናቸው። ጨርሶ አይዋለዱም።»

«በቶሪኖ ይሆናል። እዚህ ባልና ሚስት ናቸው።»

«አይዋለዱም ነው የምልህ።»

«የማይዋለድ ባልና ሚስት ሞልቶ የለ» አለ ጄዙዊኖ።

ኦርኔላና ቱልዮ ሁለቱም አጎነበሱ። ወንድሜ የረገጠውን ቁስል አላወቀም፤ እኔ ግን አወቅሁ። ጃርቶቹን ወስጄ ውሃው ውስጥ መለስኳቸው። ከዚያ በኋላ ምሳውን ያለ ጨዋታ በላን።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ዞረ። የምሥራቅ ነፋስ እኛ ዳርቻ ላይ ሲነሳ ቀልድ አያውቅም፤ ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው። ውሃው የተቀመጥንበትን ጠጠር ይልስ ጀመር። ጄዙዊኖ ተነሱ አለ፤ ዕቃችንን ሰብስበን የታችኞቹን ግንዶች እየረገጥን ወጣን። ክፍተቱ ሥር ካለው ጠባብ እርከን ስንደርስ ክፍተቱ ባዶ ነው። ጄዙዊኖ ያቆመው ግንድ የለም። ከላይ ሁለት አሮጌ ቦት ጫማዎች ተንጠልጥለው ይታያሉ፤ ባኪዚዮ ጫፉ ላይ ተቀምጧል።

«አንቲዮካ» አለ። ድምፁ የረጋ ነበር፤ እኔ ባኪዚዮን የምፈራው ሲረጋ ነው። «ንገሪው፤ ጣራዬን አይቼዋለሁ።»

ጄዙዊኖ ከአጠገቤ ነው የቆመው፤ ክንዱ ክንዴን ይነካል።

«ጣራዬን አይቼዋለሁ ይልሃል» አልኩት።

«ቁልፉን ማን ነቀለ በይው።»

ቀና አልኩ። «ቁልፉን ማን ነቀለ ይልሃል።»

«የራሴ ነው። ብፈልግ እነቅለዋለሁ፣ ብፈልግ አነደዋለሁ በይው።»

«የራሴ ነው፤ ብፈልግ...»

«የአባታችንን ግንድስ ማን አነደደው በይው» አለ ጄዙዊኖ ሳያስጨርሰኝ።

ቱልዮ ክንዴን ነካ አደረገኝ። «ይቅርታ ሲኞራ፣ ቋንቋችሁን አላውቅም። ግን እነሱ ያሉትን ነው የምትደግሚው፣ አይደል? አንዱ ሌላውን ይሰማዋል እኮ።»

«ይሰማዋል» አልኩት።

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን?» አልኩት።

ባኪዚዮ እግሮቹን ሰብስቦ ተንበረከከና ፊቱን አሳየን። ጺሙ ውስጥ የጣራው አቧራ አለ። «ንገሪው፤ ‹መንገዱ የባኪዚዮ ነው› ይበል። አንዴ ይበቃል። ግንዱን አወርዳለሁ።»

ከጠዋት ጀምሮ ስጠብቀው የነበረው ሰዓት ይኸው ነበር። «ራስህ ንገረው» አልኩት። «ይኸው እዚህ ነው። ጄዙዊኖ፣ እሱም ይኸውልህ እዚያ ነው። እኔ ዛሬ አልደግምም።» እርከኑ ላይ ተቀመጥኩና ከረጢቱን ጉልበቴ ላይ አቀፍኩ።  ማዕበሉ ከታች ይጮሃል። እንዲያው አንድ ስድብ፣ አንድ እርግማን ከአንዱ አፍ ወጥቶ ወደ ሌላው ቢሄድ ብዬ ጠበቅሁ። አልወጣም።

መጨረሻ ላይ ጄዙዊኖ ወደ እኔ ዞረ። «ይህን ከምል ባሕር ይብላኝ በይው» አለ። መነጽሩንና ቱቦውን ከከረጢቱ አወጣ፤ የዋና ጫማውን ያዘ። ወደ ባሕሩ የገባውን የገደሉን አፍንጫ ዞሮ ወደሚቀጥለው ዳርቻ ሊዋኝ ነው። በጸጥታ ቀን ምንም አይደለም፤ በዚያ ማዕበል ግን እብደት ነው። ያዝኩት፣ እጄን አስለቀቀኝ። ኦርኔላ «ሲኞር ጄዙዊኖ፣ ሰው ለምነን እንወጣለን፣ ተው» አለችው። አልሰማትም፤ ወረደ።

ባኪዚዮ ለእንግዶቹ በጣሊያንኛ ተናገረ። «እናንተ እንግዶች ናችሁ፤ ከእናንተ ጋር ጠብ የለኝም። ውጡ።» የራሱን ቁልፍ አወረደ፤ ገመድም ጣለላቸው። ሁለቱንም አንድ በአንድ ጎትቶ አወጣቸው፤ ከኮዳው ወተት እንዳጠጣቸውም ሰማሁ፤ «ጠጪ ሲኞራ፣ የዛሬ ነው» ይላታል። ወንድሙ ባሕር ውስጥ ነው፤ እሱ ወተት ያድላል። እኔ ከእርከኑ አልተነሳሁም።

ጄዙዊኖ ዳርቻውን አልፎ እስኪወጣ ደህና ዋኘ። አፍንጫው ጋ ሲደርስ ማዕበሉ አነሳውና ወደ ድንጋዩ ወረወረው። ገፋ፣ እንደገና ተመለሰ። ቱቦው ከአፉ ሲወጣ አየሁት። ከዚያ ነጩ አረፋ ሸፈነው፤ ለረጅም ጊዜ ምንም አላየሁም። ከላይ ባኪዚዮ ብድግ ብሏል።

«አንቲዮካ፣ ከድንጋዩ ይራቅ በይው። ወደ ውጭ ይዋኝ።»

«ራስህ ጩህበት» አልኩት።

«በይው!»

«ድምፅህ ከእኔ ይበልጣል። ጩህ። ወንድምህ ነው።»

ቀና ብዬ አየሁት። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው።  ሰው እየሰጠመበት እንኳ ኩራቱን የሚውጥ አፍ የለውም። ሁለቱንም ጠላሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም። ከዚያ ጄዙዊኖ ከአረፋው ወጣ፤ አንድ ማዕበል ተሸክሞ መጣና ጠጠሩ ላይ ጣለው። በአራት እግሩ እየዳኸ ከውሃው ራቀ። ጉልበቱ ይደማል፣ መነጽሩ የለም።

ባኪዚዮ ተነፈሰ። «ውጪ» አለኝ፤ «ሳይደርስ ልንቀለው።»

ወጣሁ። ግንዱን ሊጨብጥ ጎንበስ ሲል ቀደምኩትና እኔ ጨበጥኩት። ኃይሉ ከየት እንደመጣልኝ ሳላውቅ ጎትቼ አወጣሁት። ከስንጥቁ ወዲያ፣ ሰው በሌለበት በኩል፣ ገደሉ ጫፍ ላይ አንከባለልኩትና በእግሬ ገፋሁት። እየተጋጨ ወርዶ ባሕር ውስጥ ገባ። ባኪዚዮ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ከጎጆው ጣራ የተነቀለው ግንድ እዚያው አጠገቡ ተጋድሞ ነበር፤ እሱን ወደ ክፍተቱ አወረድኩ፣ ራሱን በድንጋይ አጠበቅሁ፣ ረግጬ ሞከርኩት። ቆመ።

«ሲኞራ ኦርኔላ» አልኳት በጣሊያንኛ፣ «ይህን ግንድ ማን አቆመው?»

«አንቺ» አለች ግራ ገብቷት።

«ምስክር ነሽ።» ወደ ባኪዚዮ ዞርኩ። «አባቴ ሦስት ልጅ ነው የወለደው። መንገዱ ከእንግዲህ የእኔ ነው። አንተም ስታልፍ ሰላምታ ትሰጠኛለህ።»

«አብደሻል?» አለ።

ጄዙዊኖ እርከኑ ላይ ደረሰ። ይንቀጠቀጣል፤ ደሙ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ወርዷል። ግንዱን አየ፣ እኔን አየ። «አወረደው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ ያወረድኩት። መንገዱ የእኔ ነው። የሚያልፍ ሰላም ይላል፤ አንተም እንደማንም ሰው።»

 ከዚያ ዓይኑን በእኔ ራስ ላይ አሳልፎ ወደ ባኪዚዮ አነሳ።

«ምን ሆና ነው?» አለው።

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ» አለ ባኪዚዮ። «ፀሐይ መቷት ይሆናል። ቁልፌን ባሕር ከተተችው።»

«ያንተን?»

«የእኔን። በእግሯ ገፍታ።»

«ይሄ ደግሞ የአባባ ጣራ ነው።»

«አዎ። የአባባን ጣራ ነው ለራሷ ያቆመችው።»

«ሴትዮዋ ድሮም ሆዷ ውስጥ ነገር ነበር።»

«ድሮም። ያኔ የእናታችንን አልጋ ስትወስድ ዝም አልናት፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።»

ጄዙዊኖ ጥርሱን ነክሶ «ደህና ዋልሽ» አለኝና ግንዱን ረገጠ። ባኪዚዮ በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ እጁን ዘረጋለትና ሳብ አድርጎ አወጣው። ጉልበቱን አየለት፤ ጠባሳ ይሆናል አለው፤ ሸሚዙን ቀዶ አሰረለት። ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ወደ ጎጆው መውጣት ጀመሩ። አንዱ ያነክሳል፣ ሌላው ብብቱ ሥር ይዞታል፤ ያወራሉ። እጃቸውን እያወናጨፉ፣ አንዱ የሌላውን ቃል እየነጠቀ፣ ዘወር እያሉ እያዩኝ ያወራሉ። ከረጢቱን አልያዙልኝም።

ኦርኔላ አጠገቤ ስትሄድ ቆየችና «ታረቁ ማለት ነው?» አለችኝ።

«ታረቁ።»

«ደስ ሲል። አሁን ምንድነው የሚያወሩት?»

«ስለ አንዲት ፍየል ነው» አልኳት። «እንሽጣት ወይስ እንረዳት እያሉ ነው።»